240 ሰው ከፍሎ እየጠበቀ ነው፤ መዘግየቱን እንዴት እንንገር?

ጥያቄው፦ «ገላን በተከራየነው ሼድ ባለ 96 እንቁላል መፈልፈያ ማሽን እንሠራለን። ዋጋው 28,000 ብር ነው። 240 ሰው ግማሹን፣ 14,000 ብር፣ አስቀድሞ ከፍሎናል፤ ሥራውን የጀመርነውም በዚሁ ገንዘብ ነው። ገዢዎቻችን የሰበታ፣ የሱሉልታ፣ የለገጣፎና የቢሾፍቱ ዶሮ አርቢዎች ናቸው። ለሚያዝያ 30 ቃል ገብተናል፤ ዛሬ መጋቢት 12 ነው። የላሜራው ሳጥን 80 ያህሉ አልቋል። መቆጣጠሪያ ቦርዱን ከቻይና ሼንዘን መጋቢት 25 እንጭናለን ብለውናል። እዚያው ቻይና የሚሠራው የፕላስቲክ ትሪ ግን የመጀመሪያው ሳምፕል ተጣምሞ መጥቷል፤ ሞልዱ (ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ብረት) እንደገና ሊስተካከል ነው። አንድ ወር ይዘገያል ብለን ብንጽፍ ይበቃል? ወይስ ትሪው እስኪስተካከል ዝም እንበል?»

ሁለቱም አይሆኑም። ዝም ማለቱ የማይሆነው ገዢዎቻችሁ እጃቸውን አጣጥፈው ስለማይጠብቁ ነው። እናንተ በሰጣችሁት ቀን ላይ ሥራቸውን እያቀዱ ነው። ለመፈልፈያ የሚሆን እንቁላል ከተጣለ ከአንድ ሳምንት በላይ ሲቆይ የመፈልፈል አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ አርቢው እንቁላሉን የሚይዘው ከማሽኑ መድረሻ ቀን ጋር አስጠግቶ ነው። ሚያዝያ 30ን ያመነ ሰው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ለእንቁላል ቀብድ ይሰጣል፣ የጫጩት ክፍል ያሰናዳል፣ መኖ ይገዛል። ያን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሊያውቅ ይገባዋል። «አንድ ወር» ማለቱም የማይሆነው የራሳችሁ ሥራ አንድ ወር ስለማያሳይ ነው። ግንቦት 30 ብላችሁ ጽፋችሁ ግንቦት 25 ሌላ ደብዳቤ ብትልኩ፣ ከዚያ በኋላ የምትሰጡትን ቀን የሚያምን አይኖርም። የመጀመሪያው መዘግየት ብዙ ጊዜ ይቅር ይባላል፤ ሰው ገንዘቡን ለማስመለስ የሚነሣው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ መዘግየቱን በሙሉ፣ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ቀን ጭምር፣ መያዝ አለበት።

ደብዳቤውን ከመጻፋችሁ በፊት ግማሽ ቀን ወስዳችሁ አስሉ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ገዢው ደጃፍ ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት አስፍሩና ሁለት ሁለት ቁጥር ስጡት፤ አንዱ ሁሉ ቢቀና የሚፈጀው፣ ሌላው አንድ ጊዜ ቢበላሽ የሚፈጀው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ለዕቅድ የሚሆኑ ግምቶች ናቸው፤ ትራንዚተራችሁ (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣላችሁ ወኪል) በቅርብ ያስወጣቸውን ሦስት ጭነቶች ትክክለኛ ቀን ጠይቁና በዚያ ተኩአቸው።

ሞልዱን አስተካክሎ ሳምፕሉን ገላን ለማድረስ 21 ቀን ያዙ፤ ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ 42። ለተጣመመ ትሪ ሁለተኛ ዙር እንግዳ ነገር አይደለም። መጣመሙ የሚመጣው ፕላስቲኩ እኩል ስለማይቀዘቅዝ ነው፤ ወፍራሙ ጎን ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይኮማተርና ስሱን ጎን ይጎትተዋል። ፋብሪካው መጀመሪያ የሚሞክረው ግፊቱንና የማቀዝቀዣ ጊዜውን መቀየር ነው። ያ ካልበቃ ብረቱ ራሱ ይነካል። በተጨማሪም ሁለተኛው ዙር የሚያልቀው ሚያዝያ 24 አካባቢ ሲሆን በፈረንጆቹ ሜይ 1 የሚውለው ሚያዝያ 23 ነው፤ የቻይና ፋብሪካዎች በዚያ በዓል ለቀናት ይዘጋሉ። አቅራቢያችሁ ይህን ሳትጠይቁት አይነግራችሁም።

ማምረቱ ራሱ ቀላል ነው። ለአንድ ማሽን 3 ትሪ ቢሆን ለ240 ማሽን 720 ትሪ ነው፤ አንዱ በ45 ሰከንድ ቢወጣ በጠቅላላው 9 ሰዓት ይፈጃል። 7 ወይም 14 ቀን የሚወስደው ወረፋው ነው። ባሕሩ ከ25 እስከ 35 ቀን፤ ጭነታችሁ ኮንቴይነር ስለማይሞላ የሌላ ሰው ዕቃ እስኪጠራቀም መጋዘን ይቆያል። ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከ8 እስከ 18፣ ጉምሩክ ከ5 እስከ 12፣ መጨረሻ ላይ መገጣጠሙ ከ5 እስከ 10 ቀን።

አንድ እርምጃ ግን ከብዙዎች ዕቅድ ይዘለላል፦ ፍተሻ። እያንዳንዱ ማሽን ከሼዱ ከመውጣቱ በፊት በ37.5 እና 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሳይዋዥቅ 48 ሰዓት መሥራት አለበት። በአንድ ጊዜ 20 ማሽን መሰካት ከቻላችሁ 12 ዙር፣ ማለትም 24 ቀን ነው። መብራት በመካከል ከጠፋ ያ ዙር እንደገና ይጀመራል። 20 ማሽን እያንዳንዱ 200 ዋት ቢስብ 4 ኪሎ ዋት ነውና የሼዱን መስመር አስቀድማችሁ አስፈትሹ። ይህን 24 ቀን ከመጨረሻው ማውጣት ትችላላችሁ። ፍተሻው ሳጥንና ቦርድ እንጂ ትሪ አይፈልግም። ቦርዶቹን በአውሮፕላን አስመጡ፤ አንዱ ሩብ ኪሎ ቢመዝን 240ው 60 ኪሎ ነው። መጋቢት 25 ቢጫኑ፣ ለበረራ 10 ለጉምሩክ 12 ቀን ብትይዙ፣ ሚያዝያ 17 እጃችሁ ይገባሉ፤ ፍተሻው ግንቦት 11 ያልቃል፣ ትሪው ገና መንገድ ላይ ሳለ።

(ቦርዱ ላይ የሊቲየም መጠባበቂያ ባትሪ ካለ አቅራቢው ባትሪውን አውጥቶ እንዲልክ ንገሩት። ዩኤን 3480 ተብሎ የሚመደበው ለብቻው የሚላክ የሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም ቻርጁ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከቦርዱ ጋር የተያያዘው ሌላ ምድብና ሌላ ወረቀት አለው፤ ወረቀቱ ከጎደለ ሙሉው ጭነት ይቆማል። ለእንዲህ ያለ ማሽን 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ አዲስ አበባ ገዝቶ መግጠም ይሻላል።)

አሁን ደምሩት። ትሪው በባሕር ከመጣ ሁሉ ቢቀና 71 ቀን፣ አንድ አንድ ጊዜ ቢሰናከል 131 ቀን ነው። ለማከፋፈያ አንድ ሳምንት ስትጨምሩበት ክፉው ቀን ሐምሌ 30 ይሆናል። ልትሉት ከነበረው ግንቦት 30 ሁለት ወር ይርቃል።

ሐምሌ 30 ለገዢዎቻችሁ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከእነሱ ወገን ሆናችሁ እዩት። እንቁላል ማሽን ውስጥ 21 ቀን ይቆያል፤ የሥጋ ዶሮ ለገበያ ለመድረስ 45 ቀን ያህል ይፈልጋል። ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሚደርስ ዶሮ ሐምሌ 20 አካባቢ መፈልፈል አለበት፣ እንቁላሉም እስከ ሰኔ 29 ማሽን መግባት አለበት። ስለዚህ ለአርቢው ወሳኙ ቀን ሰኔ 29 ነው። ከዚያ በፊት የሚደርስ ማሽን ቢዘገይም ሥራውን ይሠራለታል፤ ከዚያ በኋላ ከደረሰው ግን የእንቁጣጣሽን ገበያ ያጣል፣ ጫጩቱንም በክረምት ብርድ ለማሞቅ ይገደዳል።

ይህ የትሪውን ማጓጓዣ ጉዳይ ይለውጠዋል። በባሕርና በየብስ የሚሄደውን ጊዜ በ10 ቀን በረራ ብትተኩት፣ ሁለተኛ የሞልድ ዙር ቢያስፈልግ እንኳ፦ ለሞልድ 42፣ ለምርት 14፣ ለበረራ 10፣ ለጉምሩክ 12፣ ለመገጣጠም 10፤ ድምር 88 ቀን። ማከፋፈያው ሲጨመር ሰኔ 17። ሰኔ 20 ብላችሁ ቃል መግባት ትችላላችሁ ማለት ነው፣ ከሰኔ 29 ዘጠኝ ቀን ቀድማችሁ።

ወጪውን ለመገመት የአየር ጭነት ከክብደትና ከቦታ በሚበልጠው እንደሚከፈል አስታውሱ፤ ቦታው በኩብ ሴንቲ ሜትር ተለክቶ ለ6,000 ሲካፈል የሚከፈልበት ኪሎ ይወጣል። ትሪው 60 በ40 በ8 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ለየብቻው ቢታሸግ 720ው 2,304 ኪሎ ሆኖ ይቆጠራል። አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ተጨማሪው ከፍታ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን 576 ኪሎ፣ ለአንድ ማሽን 2.4 ኪሎ ነው። ትሪው እንዲደራረብ ጎኑ ወደ ታች ጠበብ ማለት አለበት፤ ሞልዱ አሁን እየተነካ ስለሆነ ይህን የምትጠይቁት ዛሬ ነው፣ ከተስተካከለ በኋላ አይሆንም። የአንድ ኪሎውን ዋጋ ከጫኙ ጠይቃችሁ በ2.4 አባዙትና ገዢ ሲሸሽ ከምታጡት ጋር አወዳድሩት። ካልተቻለ ሐምሌ 30ን ጻፉ፤ ግንቦት 30ን ግን አትጻፉ።

በአየር ማስመጣቱ ከተቻለ ደብዳቤው ይህን ይመስላል፦

«ውድ ደንበኛችን፤ ሚያዝያ 30 ልናስረክብዎ ቃል የገባንልዎ መፈልፈያ ማሽን በቀኑ አይደርስም። አዲሱ የማስረከቢያ ቀን ሰኔ 20 ነው። እስከዚያ ለመፈልፈያ የሚሆን እንቁላል አይግዙ፤ ለእንቁላል ቀብድ ሰጥተው ከሆነ ዛሬውኑ ይንገሩን። ለእንቁጣጣሽ ገበያ እንቁላል ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ሰኔ 29 ስለሆነ በአዲሱ ቀን ይደርስልዎታል።

ምክንያቱ የእንቁላል ትሪው ነው። ከሞልድ ሲወጣ 4 ሚሊ ሜትር ይጣመማል፤ ማሽኑ እንቁላሉን ለማዞር ሲያጋድል ትሪው ክንዱን ይይዘዋል። ሞልዱ እየተስተካከለ ነው፤ አዲሱ ሳምፕል ሚያዝያ 3 እጃችን ይገባል። ትሪዎቹን በባሕር ፈንታ በአውሮፕላን እናስመጣለን፤ ጭማሪውን የምንከፍለው እኛ ነን፣ የእርስዎ ዋጋ አይለወጥም። ከደንበኞቻችን የተቀበልነው ገንዘብ ለላሜራና ለፎም፣ ለቦርድና ለሞልድ ውሏል። 80 ሳጥን አልቋል፤ የተገጠመ ማሽን ግን ገና የለንም።

ምርጫዎ ሁለት ነው፦ ሰኔ 20ን መጠበቅ ወይም 14,000 ብርዎን በሙሉ መውሰድ። የመረጡትን እስከ መጋቢት 30 ይንገሩን። ገንዘብዎን ከመረጡ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በከፈሉበት ሒሳብ እንመልሳለን። የሞልድ ማስተካከያ ጊዜ በዕቅዳችን አላስገባንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀጣዩ መልእክታችን ሚያዝያ 3 ማታ ይደርስዎታል፣ ሳምፕሉ ቢሳካም ባይሳካም።»

የ4 ሚሊ ሜትሩን ቦታ በለካችሁት ቁጥር ተኩት። ቅደም ተከተሉን ግን አትቀይሩ፦ ቀኑ፣ ሰውየው ምን ያድርግ የሚለው፣ ምክንያቱ፣ ገንዘቡ፣ ምርጫው፣ ይቅርታው፣ ቀጣዩ ቀን። ብዙ ድርጅቶች በምስጋናና በራእይ ጀምረው ቀኑን አምስተኛ አንቀጽ ውስጥ ይቀብሩታል፤ አንባቢው ግን የሚፈልገው እሱን ነው። «በቅርቡ»፣ «በመጠናቀቅ ላይ ይገኛል»፣ «ባልታሰቡ ምክንያቶች»፣ «በሎጂስቲክስ ችግር» የሚሉትን አውጧቸው። ዶሮ አርቢ ማሽን ያውቃል፤ ትሪ ተጣምሞ ክንድ ያዘ ሲባል ይገባዋል፣ ተጣምሞ ከሚመጣለትም መጠበቁን ይመርጣል። «ያልታሰበ ምክንያት» ሲባል የሚገባው ገንዘቡ እንደተበላ ነው።

ሰኔ 20 ሁለተኛውን የሞልድ ዙር በውስጡ ስለያዘ፣ ሚያዝያ 3 የሚመጣው ሳምፕል ቢበላሽ እንኳ የምትልኩት መልእክት «ሳምፕሉ አልተሳካም፣ ሁለተኛ ዙር ገብተናል፣ ቀኑ ሰኔ 20 እንደሆነ ነው» የሚል ይሆናል። ክፉ ወሬ ተነግሮ ቀኑ ካልተነቃነቀ ሰው በቀኑ ማመን ይጀምራል። ሳምፕሉ ከተሳካም ቀኑን አታስቀድሙት፤ ማሽኑ ቀድሞ ሲደርስ 14 ቀን አስቀድማችሁ በስልክ ንገሩ፣ ለእንቁላል ማዘዣ እንዲበቃው።

ስለ አነጋገር መንገዱ። ቴሌግራም ቻናል ብቻውን አይበቃም፤ ከገዢዎቻችሁ ቻናሉን በየቀኑ የማይከፍቱ ይኖራሉ። በአንድ ቀን ሦስቱንም አድርጉ፦ አጭር መልእክት፣ ጥሪ፣ ሙሉውን ደብዳቤ። በአማርኛ ፊደል የሚጻፍ አጭር የስልክ መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ነው እንጂ 160 አይደለም፤ ሲያልፍ ይከፈላል፣ የእያንዳንዱ ክፍልም አቅም ወደ 67 ይወርዳል፣ በአሮጌ ስልክ ላይ ክፍሎቹ ተዘበራርቀው ሊደርሱ ይችላሉ። «ማሽኑ ለሰኔ 20 ተዛውሯል። እንቁላል አይግዙ። ዛሬ እንደውልልዎታለን።» የሚለው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 44 ምልክት ነው፤ ለድርጅታችሁ ስም 26 ይተርፋል። በሰበታና በሱሉልታ፣ በገላንም ቢሆን፣ ብዙ ደንበኞቻችሁ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ናቸው፤ ደብዳቤውም ጥሪውም በሁለቱም ቋንቋ ይሁን። በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የሚጻፈው መልእክት 160ውን ስለሚያገኝ እዚያ ምክንያቱንም መጨመር ይቻላል።

240 ጥሪ በአራት ደቂቃ 16 ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ የሥራ ቀን ይጨርሰዋል። ደዋዮቹ ደብዳቤውን ከማንም በፊት ማንበብ አለባቸው። ጥበቃውና ላሜራ ቆራጩም ማወቅ አለባቸው፤ ሼዱ ድረስ ለሚመጣ ገዢ መጀመሪያ መልስ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አንዱ «ሳምንት ያልቃል» ካለ ደብዳቤያችሁ ዋጋ የለውም።

ከአቅራቢ ጋር ስትጻጻፉ ወሩን በፊደል አስጽፉ፤ «05/06» ለአንዱ ሜይ 6 ለሌላው ጁን 5 ነው። ለገዢ ስትጽፉ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ሰው ግን ቀድሞ ያየውን ይዞ ይሄዳል።

ገንዘብ መመለሱን ሰፋ አድርገን እንየው። በአሜሪካ ዕቃ በፖስታ፣ በኋላም በኢንተርኔት፣ አዝዘው ለሚገዙ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ደንብ አለ። ሻጩ በቀኑ መላክ ካልቻለ አሳውቆ የመሰረዝ ምርጫ ይሰጣል። የመጀመሪያው መዘግየት እስከ 30 ቀን ከሆነ የገዢው ዝምታ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል፤ ከዚያ ከበለጠ ግን ገዢው «እጠብቃለሁ» ካላለ ገንዘቡ ይመለሳል። እዚህ አያስገድዳችሁም፣ ልኩ ግን ጥሩ ነው። የእናንተ መዘግየት 50 ቀን ስለሆነ ከእያንዳንዱ ሰው ግልጽ መልስ ተቀበሉ፣ በመዝገብም አስፍሩ። ከመቶ 15 ሰው ገንዘቡን ቢፈልግ 36 ሰው፣ 504,000 ብር ነው። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ይህ ገንዘብ በባንክ መኖር አለበት። ከሌለ «በ10 የሥራ ቀን» አትበሉ። ተራ ቁጥርና ቀን ያለው የመመለሻ ሰሌዳ ሠርታችሁ ስጡ፤ የወጣ ሰው ቦታ ለመግዛት ወረፋ የያዘ ካለም ከእሱ የሚመጣው ክፍያ በቀጥታ ለሚመለሰው ይዋል። እንመልሳለን ብሎ አለመመለስ ከመዘግየቱ የከፋ ነው።

ደረሰኛችሁ ላይ የጻፋችሁት «ቀብድ» ነው ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «ቀብድ 14,000» ብላችሁ ጽፋችሁ በኋላ «መሥራት አልቻልንም» ብትሉ ጥያቄው 28,000 ሊሆን ይችላል። ደብዳቤውን ከማውጣታችሁ በፊት የአንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር ያስፈልጋችኋል የምንለው ስለዚህ ነው።

እዚያው ሕግ ውስጥ ሌላም አለ። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ የናረባቸው ብዙ ሻጮች መዘግየቱን «ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት» እያሉ ይጽፋሉ፣ ጭማሪም ይጠይቃሉ። ቁጥር 1792 ከዐቅም በላይ የሚለው ባለዕዳው ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። ቁጥር 1794 ደግሞ በተቃራኒ ካልተስማማችሁ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከዚያ እንደማይቆጠር በግልጽ ይናገራል። የተጣመመ ትሪም ሊታሰብ የሚችል ነገር ነው። ቃሉን አትጠቀሙበት፤ አይጠቅማችሁም፣ ሰውንም ያስቆጣል።

የቀደሙትን መመልከት ይረዳል። ፔብል የሚባለው የእጅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2012 በኪክስታርተር (ሰው ገና ላልተመረተ ዕቃ አስቀድሞ በሚከፍልበት ድረ ገጽ) ከ68,000 በላይ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ለሴፕቴምበር 2012 ቃል ገባ፤ ቀኑ አለፈ። መላክ የጀመረው ጃንዋሪ 23 ቀን 2013 ሲሆን፣ ሲያሳውቅ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ፋብሪካው በሳምንት 15,000 እንደሚያወጣ ጭምር ተናገረ። እንዲህ ያለ ቁጥር ያገኘ ገዢ ተራው በግምት መቼ እንደሚደርስ ራሱ ያሰላል። ኩለስት የሚባለው የበረዶ ሣጥን እ.ኤ.አ. በ2014 ከ62,000 በላይ ሰዎች 13 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ከፋዮቹ ገና እየጠበቁ ሳለ ዕቃውን በአማዞን ለሌላ ገዢ ሸጠ፤ በ2016 ቶሎ ማግኘት የሚፈልግ 97 ዶላር ይጨምር አለ፤ በ2019 መጨረሻ ሲዘጋ ሲሶ ያህሉ ምንም አልደረሳቸውም። ሰዎቹን ክፉኛ ያስቆጣው ከእነሱ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሟቸው መውሰዱ ነበር።

የእናንተም ፈተና ይኸው ነው። ሰኔ ላይ የመጀመሪያዎቹ 40 ማሽኖች ሲያልቁ ሙሉውን 28,000 በእጁ ይዞ ሼዱ በር ላይ የሚቆም ሰው ይመጣል፤ እናንተም ገንዘብ ያጠራችሁ ጊዜ ይሆናል። አንድም አትሽጡለት። ባዛር ላይም ለማሳያ እንጂ ለሽያጭ አታውጡ።

በየሁለት ሳምንቱ በተወሰነ ዕለት፣ ለምሳሌ ሐሙስ ማታ፣ አምስት መስመር ጻፉ፦ ባለፈው ምን አልን፣ ምን ሆነ፣ ቀኑ ተነካ አልተነካ፣ ቀጥሎ የሚጠበቀው ምንድን ነው፣ መቼ እንጽፋለን። ምንም ያልተለወጠ ቢሆን «ምንም አልተለወጠም፤ ቦርዶቹ ቦሌ ጉምሩክ ናቸው» ብላችሁ ጻፉ። «ሥራው 90 በመቶ ተጠናቋል» አትበሉ። 240 ሳጥን ተደርድሮ ሲታይ ያለቀ ይመስላል፤ ትሪ የሌለው ማሽን ግን አንድ እንቁላል አይፈለፍልም። የሳጥን ክምር ፎቶ ከለጠፋችሁ ከሥሩ የጎደለውን ጻፉ። በመቶኛ ፈንታ ቁጥር ስጡ፦ ቦርድ የተገጠመለት 140፣ 48 ሰዓት ያለፈ 96፣ ትሪ የገባለት 0።

ቻናሉ ላይ የሚቆጣ ሰው ይኖራል። ስድብ ካልሆነ አታጥፉበት፤ በስሙ ጠርታችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ መልሱለት፣ ወደ ስልክም ውሰዱት። አንዱ የጠየቀውን ሌሎች ሃያ ሳይጠይቁ ያስቡታልና የምትሰጡት መልስ በይፋ ይነበብ።

ማስረከቢያው በተከፈለበት ቀንና ሰዓት ቅደም ተከተል ይሁን፤ የባንክም የቴሌብርም ደረሰኝ ሰዓቱን ይይዛል። ዝርዝሩን ከወዲሁ አውጥታችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ተራ ቁጥሩን ንገሩት። ከተማ እየለያችሁ ብትጭኑ የመኪና ወጪ ይቀንሳል፣ ግን ተራው 12 የሆነ የሱሉልታ ሰው ተራው 190 የሆነ የቢሾፍቱ ሰው ቀድሞት ከወሰደ ወሬው ያን ቀን ይደርሰዋል። በከተማ መጫን ካለባችሁ ይህን ሰኔ ከመግባቱ በፊት፣ ምክንያቱንና የእያንዳንዱን ከተማ ቀን ጨምራችሁ፣ በሐሙሱ መልእክት ላይ ጻፉት። ሰኔ 20 ላይ 200 ብቻ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ለቀሩት 40 ሰዎች አጠቃላይ ማስታወቂያ አታውጡ፤ ሰኔ 13 ላይ አንድ በአንድ ደውላችሁ የየራሳቸውን ቀን ንገሯቸው፣ ቀኑም ከሰኔ 29 አይለፍ።